ጆ ማሎን በ20 ጨዋታ 44 ጎል ያገባው በዕድል ነው?

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ካናዳ፣ ኤድመንተን ነው። የ12 ዓመቱ ልጄ የበረዶ ሆኪ ይጫወታል። ትምህርት ቤት ስለ አንድ የድሮ ተጫዋች አቅርብ ተብሎ ጆ ማሎንን መረጠ። ማሎን በ20 ጨዋታ 44 ጎል ማግባቱን አይቶ ‹በዛሬው 82 ጨዋታ ቢሰላ 180 ጎል ነው፣ ከከተማችን ክለብ ከኦይለርስ ኮከብ ከነበረው ከግሬትስኪ ይበልጣል› ይለኛል። እኔ ግን ሠንጠረዡን ሳየው በቀጣዩ ዓመት ያለው 7 ጎል ብቻ ነው። መጨረሻ አካባቢ ደግሞ በ20 ጨዋታ 1 ጎል። ተጎድቶ ነው? ወይስ ያ 44 የዕድል ነገር ነበር? እኔ ሆኪ ብዙም አላውቅም። ልጄን ምን ልበለው?»

መልስ፦ 180 የሚለውን ቁጥር ከጽሑፉ ላይ ያስወጡት። «የዕድል ነገር» የሚለውንም አብረው ይተዉት። ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ ሁለቱም የመጡት ደግሞ ሠንጠረዡን ከመሀል ጀምሮ ከማንበብ ነው። ማሎን አልተጎዳም። በ1918–19 ጎሉ ያነሰበት ምክንያት ሌላ ነው፤ እመጣበታለሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የሠንጠረዡን ነገር። ማሎን የተወለደው የካቲት 1890 መጨረሻ ላይ ኩቤክ ከተማ ነው። ዛሬ ኤንኤችኤል የምንለው የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ የተመሠረተው ኅዳር 1917 ሞንትሪያል ውስጥ ነው። ልዩነቱን ያስሉት። ሊጉ ሲወለድ ሰውየው 27 ዓመቱ ነበር። አብዛኛው የኢንተርኔት ሠንጠረዥ የሚጀምረው ከ1917 ስለሆነ የማሎንን ሕይወት ለሁለት ቆርጦ የመጀመሪያውን ግማሽ ይጥለዋል። ያ የተጣለው ግማሽ ግን ለእርስዎ ጥያቄ ዋናው መልስ ነው።

ከኤንኤችኤል በፊት ኤንኤችኤ የሚባል የፕሮፌሽናል ሊግ ነበር። ማሎን እዚያ ለኩቤክ ቡልዶግስ ተጫውቷል። በ1912 እና በ1913 ከቡድኑ ጋር የሆኪን ትልቁን ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫን፣ ወስዷል። በ1912–13 በ20 ጨዋታ 43 ጎል አገባ። በዚያው በ1913 ለዋንጫው ሊፋለም ከኖቫ ስኮሺያ የመጣውን የሲድኒ ቡድን 14 ለ 3 ሲያሸንፉ ብቻውን 9 ጎል አስቆጠረ። በ1916–17 ደግሞ በ19 ጨዋታ 41። ከዚያ በ1917–18 በ20 ጨዋታ 44። 43፣ 41፣ 44። አንድ ጊዜ ቢሆን ዕድል ልንለው እንችል ነበር። በስድስት የውድድር ዘመን ውስጥ ሦስት ጊዜ ከ40 በላይ ያገባ ሰው ግን ዕድለኛ አይባልም። ልጅዎ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ቢወስድ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ይውሰድ።

አሁን ወደ ታዋቂው ዓመት። ኤንኤችኤል ሲጀምር የኩቤክ ክለብ ቡድን ማሰለፍ አልቻለም። ተጫዋቾቹ ለሌሎቹ ክለቦች ተከፋፈሉና ማሎን ለሞንትሪያል ካናዲየንስ ደረሰ። እዚያ ኒውሲ ላሎንድ የሚባል የመሀል አጥቂ ነበር፤ በዘመኑ ከነበሩት ትልልቅ ተጫዋቾች አንዱ ነው። ማሎንም የመሀል አጥቂ ነው። ስለዚህ ቦታውን ለቆ ወደ ግራ ክንፍ ሄደ። በሌላው ክንፍ ዲዲዬ ፒትር የሚባል አጥቂ አለ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1917፣ በሊጉ የመጀመሪያ ምሽት፣ ካናዲየንስ ኦታዋን 7 ለ 4 ሲያሸንፍ ማሎን 5 አገባ። ቦታ በቀየረ ማግስት ማለት ነው።

እዚህ ጋ ግን ትንሽ ቆም ይበሉ። በዚያችው ምሽት በሌላው ጨዋታ ሃሪ ሃይላንድ የሚባል የሌላው የሞንትሪያል ክለብ፣ የዋንደረርስ፣ ተጫዋችም 5 ጎል አግብቷል። ያ ጨዋታ ያለቀው 10 ለ 9 ነው። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ደግሞ ከማሎን 44 ቀጥሎ የኦታዋው ሳይ ዴነኒ 36፣ የቶሮንቶው ሬግ ኖብል 30 ነበራቸው። ላሎንድ በ14 ጨዋታ ብቻ 23 አስቆጥሯል። ጎል ይዘንብ የነበረው ለማሎን ብቻ አልነበረም ማለት ነው። 180 የሚለው ስሌት የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው።

ለምን ያን ያህል ጎል ገባ? ልጅዎ ሆኪ ስለሚጫወት ይህን ከእርስዎ ቀድሞ ይረዳዋል።

በረኛውን ይመልከቱ። ዛሬ በረኛ ማለት በጉልበቱ ወርዶ፣ እግሮቹን ዘርግቶ የጎሉን ታች በሙሉ የሚዘጋ ሰው ነው። በ1917 መጨረሻ ይህ ክልክል ነበር። በረኛው ፓኩን (በኳስ ፈንታ የሚጫወቱባትን ጠፍጣፋ ክብ ጎማ) ለመያዝ ሆን ብሎ በረዶው ላይ ከወደቀ ይቀጣል። ቆሞ መከላከል አለበት። ፊቱ ላይ ጭንብል የለም። የእግር መከላከያው ቀጭን ነው። ጎሉ ግን ያኔም እንደ ዛሬው ወርዱ 1 ሜትር ከ83፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ22 ነው። ከበረኛው እግር አጠገብ፣ ዝቅ ብላ የምትመጣ ፓክ በቀላሉ ታልፈዋለች። ሕጉ የተነሳው ጥር 1918 ላይ፣ ውድድሩ መሀል ላይ እያለ ነው። በረኞቹም ቢሆኑ በአንድ ጀምበር አዲስ አሠራር አይማሩም። በዚያ ዓመት በመላው ሊግ አንድ በረኛ ምንም ጎል ሳይገባበት የጨረሰባቸው ጨዋታዎች ሁለት ብቻ ናቸው።

ሁለተኛው የድካም ነገር ነው። ዛሬ አጥቂ በረዶው ላይ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይቀየራል፤ አርፎ ይመለሳል። ያኔ ጥሩ ተጫዋች 60ውን ደቂቃ ሊጨርስ ምንም አይቀረው ነበር። ተቀያሪ ጥቂት ነው። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የተከላካዩ እግር ሲዝል ያስቡት። ማሎን ቀጠን ያለ፣ 68 ኪሎ አካባቢ የሚመዝን ሰው ነበር። በጉልበት አይጋፋም። በዝና የታወቀው ክፍት ቦታ ፈልጎ ድንገት ብቅ በማለቱ ነው። «ፋንተም ጆ» ያሉትም ለዚህ ነው፤ እንደ መንፈስ የማይጨበጥ እንደማለት። ሰው ሁሉ በደከመበት ሰዓት እንዲህ ያለ ተጫዋች ምን ያህል አደገኛ እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

ሦስተኛውን ሰዎች ብዙ ጊዜ ይረሱታል። በዚያ ዓመት ፓክ ወደፊት ማቀበል አይፈቀድም ነበር። ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ። ወደፊት መሄድ ከፈለግክ፣ ገና ሲጫወቱ እሩሯን በዱላ እየነዱ እንደሚሮጡት፣ ራስህ ይዘሃት ትሄዳለህ። በመሀለኛው ክልል የተፈቀደው በ1918–19 ነው፤ በሁሉም ክልል ደግሞ በ1929–30። ይህ ሕግ ጨዋታውን በጥቂት ሰዎች እጅ ላይ ይጥለዋል። ይዞ ማምለጥ የሚችል ሰው ብዙ ያገባል። ይዞ ማምለጥ የማይችል ምንም አያገባም። ጎሎቹ በጥቂት ስሞች ላይ የተከማቹት በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ላይ ሊጉ ትንሽ ነው። አራት ቡድን ሆኖ ጀመረ። ጥር 2 ቀን 1918 የሞንትሪያል አሬና ተቃጠለና ዋንደረርስ ከውድድሩ ወጣ። ሦስት ቀሩ። ወቅቱም የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ ብዙ ወጣት ግንባር ላይ ነበር።

ይህን ስናገር አንዳንዱ ሰው «ታዲያ ሦስት ቡድን ባለበት ሊግ ጎል ማግባት ምን ይደንቃል?» ይላል። ለዚህ መልሴ ከእኛው ታሪክ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በእግር ኳስ የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ ውድድሩ ላይ የነበሩት ቡድኖች አራት ነበሩ። የተጫወትነው ሁለት ጨዋታ ነው፦ ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ከዚያም ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2። የመንግሥቱ ወርቁን ጎሎች «ቡድኑ አራት ብቻ ነበር» ብሎ የሚያቃልል ሰው የለም። በዚያ ሜዳ፣ ከፊታቸው የቆመውን ሁሉ አሸንፈዋል። ዛሬ ካለው ባለ 24 ቡድን ውድድር ጋር በጎል ብዛት እናወዳድረው የሚልም ጤነኛ ሰው የለም። ማሎንንም በዚሁ ዓይን ነው ማየት የሚገባው።

ቁጥር ለሚወድ ልጅ ስሌቱን ላሳይ። በ1917–18 አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ በአማካይ 4.75 ጎል ያገባ ነበር። የማሎን አማካይ 2.2 ነው። ዛሬ የአንድ ቡድን አማካይ 3 አካባቢ ነው። በዚህ ብቻ ካስተካከልነው 180ው ወደ 114 ይወርዳል። አሁን የመጫወቻ ሰዓቱን እንጨምር። እሱ ሙሉ ጨዋታውን ተጫወተ፣ የዛሬ አጥቂ 20 ደቂቃ ይጫወታል ብለን ለሦስት ብናካፍለው 38 ይሆናል። ተመልከቱት፤ አንዱ መንገድ 114 ይሰጣል፣ ሌላው 38። መልሱ በ38 እና በ114 መካከል ነው ማለት መልስ የለም ማለት ነው። በረኛውን፣ የማቀበል ሕጉን፣ የበረዶውን ጥራት ገና አልነካንም። ስለዚህ «ዛሬ ቢሆን ይህን ያህል ያገባ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር በጽሑፉ ውስጥ በፍጹም አይግባ። የእኔንም 38 እና 114 አይጻፍ፤ ያሳየሁት መንገዱ እንደማያዋጣ ለማስረዳት ነው።

ከግሬትስኪ ጋር ማወዳደሩም እንደዚሁ። እናንተ ኤድመንተን ስለሆናችሁ ስሜቱ ይገባኛል። ግሬትስኪ በ1981–82 በ80 ጨዋታ 92 ጎል አገባ። ኦይለርስ በዚያ ዓመት ካገባው 417 ጎል 22 በመቶ ነው። ማሎን ከካናዲየንስ 115 ጎሎች 38 በመቶውን አገባ። ይህ ማሎንን ያስበልጠዋል? አያስበልጠውም። ማሎን ከበረዶው ሳይወርድ ሲጫወት ግሬትስኪ ተራ እየጠበቀ ይገባ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ስሙ አንድ የሆነ፣ ነገሩ ግን የተለያየ ጨዋታ ነው የተጫወቱት። ማሎንን የሚመዝነው ከእሱ ጋር በአንድ በረዶ ላይ የነበረው ሰው ነው። ያ ሰው ዴነኒ ነው። 44 ለ 36።

አሁን ወደ 7ቱ ጎል። ይህኛው ጥያቄ ልቤን ነክቶታል።

በ1918–19 ማሎን የተጫወተው 8 ጨዋታ ብቻ ነው። 8 ጨዋታ፣ 7 ጎል። ጉዳት የለም፣ ቅጣት የለም። ኩቤክ ከተማ ጥሩ ሥራ አገኘ። የወደፊት ኑሮው የሚያስተማምን ሥራ ነበር። ሆኪ ያኔ ያን አይሰጥም። የዓለም ምርጥ ጎል አግቢ የነበረ ሰው፣ ባለፈው ዓመት 44 ያስቆጠረ ሰው፣ ቁጭ ብሎ አስቦ ሥራውን መረጠ። ለካናዲየንስ ይጫወት የነበረው ከሥራው ጋር ሲመቸው ነው። እኛ «ፕሮፌሽናል» ስንል በዛሬው ገንዘብ እናስባለን። ያኔ ፕሮፌሽናል ማለት ለሚጫወትበት የሚከፈለው ማለት እንጂ በዚያ ብቻ ቤቱን የሚያስተዳድር ማለት አልነበረም። ሰው አገር ሄዶ ቀን ሥራ፣ ማታ ሌላ ነገር የሚሯሯጥ ሰው ይህ ምርጫ ምን ማለት እንደሆነ ሳይነገረው ይገባዋል።

በነገራችን ላይ ያ የውድድር ዘመን ያለቀው በሐዘን ነው። ካናዲየንስ ለስታንሊ ዋንጫ ፍጻሜ ሲያትል ሄዶ ሳለ የዘመኑ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ተጫዋቾቹን ጣላቸው፤ ፍጻሜው ሳይጠናቀቅ ቀረ። ማሎን አብሮ አልሄደም ነበር።

በቀጣዩ ዓመት፣ 1919–20፣ ኩቤክ ወደ ሊጉ ተመለሰና ማሎንም ወደ ከተማው ቡድን ተመለሰ። ይህ ዓመት ለእኔ ከ44ቱ ይበልጣል። ቡድኑ ደካማ ነበር፤ በጣም ደካማ። ከ24 ጨዋታ 4 አሸነፈ፣ 20 ተሸነፈ። 177 ጎል ገባበት። ያገባው 91 ብቻ ነው። ከ91ዱ 39ኙን ያገባው ማሎን ነው፤ 43 በመቶ። ላሎንድ የለም፣ ፒትር የለም። በሊጉ መጨረሻ ላይ የተቀመጠ ቡድን ይዞ የሊጉ ቀዳሚ ጎል አግቢ ሆነ። «44ቱን ያገባው ጓደኞቹ ጥሩ ስለነበሩ ነው» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ጥር 31 ቀን 1920 ምሽት ኩቤክ ላይ ከቶሮንቶ ጋር ተጫወቱ። ብርዱ የከፋ ስለነበረ የመጣው ተመልካች ጥቂት ነው ይባላል። ማሎን አንድ አገባ። ደገመ። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ሲያበቃ 7 ሆነ። ኩቤክ 10 ለ 6 አሸነፈ። እስከ መጋቢት ቆይቶ ደግሞ በኦታዋ ቡድን ላይ በአንድ ጨዋታ 6 አገባ። የ7ቱ ጎል የኤንኤችኤል ሪከርድ ከ100 ዓመት በኋላም አልተሰበረም። ለመጨረሻ ጊዜ 6 የደረሰው ዳሪል ሲትለር ነው፤ በ1976። ከእሱ ወዲህ 6 የነካ እንኳ የለም። እዚህ ላይ ምንም የዘመን ማስተካከያ አያስፈልግም። ሪከርዱ እንዳለ ነው፤ ልጁ በድፍረት ይጻፈው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ክለቡ ወደ ሃሚልተን ተዛወረ። ማሎን እዚያ በ20 ጨዋታ 28፣ በቀጣዩ ዓመት በ24 ጨዋታ 24 አገባ። ቡድኑ ግን ሁለቱንም ዓመት መጨረሻ ወጣ። በ1922–23 ወደ ካናዲየንስ ተመለሰ። እርስዎ ያዩት «20 ጨዋታ 1 ጎል» ይሄ ነው። ዕድሜው 32 አልፎ ወደ 33 ነበር፤ ለዚያ ዘመን ተጫዋች ብዙ ነው። የሚገባውም በተቀያሪነት፣ ለጥቂት ደቂቃ ነበር። በመጨረሻው ዓመት በ10 ጨዋታ አንድም አላገባም። በዚያ ዓመት ሃዊ ሞሬንዝ የሚባል ወጣት ቡድኑን ተቀላቅሎ ነበር። ማሎን ራሱ በኋላ ሲያወራ፣ ልጁን በረዶው ላይ እንዳየው የእሱ ጊዜ ማለቁን እንዳወቀ ተናግሯል። ስለዚህ ያ 1 ጎል የአንድ ትልቅ ተጫዋች የምሽት ሰዓት ነው እንጂ 44ቱን የሚያጠፋ ማስረጃ አይደለም።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉኝ። አንደኛ፣ በ1917–18 ሊጉ ለጎል የተመቻቹ ፓኮችን፣ ማለትም አሲስትን፣ አይመዘግብም ነበር። ዛሬ በሠንጠረዥ ላይ የሚታየው ኋላ ላይ የተጨመረ ነው። የማሎን ጠቅላላ ነጥብ ከቦታ ቦታ የሚለያየው ለዚህ ነው። ልጁ ጎል ብቻ ይጥቀስ። ሁለተኛ፣ የሁለቱን ሊጎች ቁጥር አያደባልቅ። በኤንኤችኤል ያለው 126 ጨዋታ፣ 143 ጎል ነው። የ43ቱና የ41ዱ ዓመታት በዚህ ውስጥ የሉም፤ የኤንኤችኤ ናቸው። ለየብቻ ይጻፋቸው።

ሊጽፈው የሚገባውን ደግሞ እነሆ። «ማሎን ከሁሉም ይበልጣል» የሚለውን ርዕስ ይተወው። «በአንድ ጨዋታ 7 ጎል፣ በአንድ የውድድር ዘመን በጨዋታ 2.2 ጎል፤ ሁለቱም በኤንኤችኤል እስካሁን አልተደገሙም» ይበል። ይህ እውነት ነው፤ መምህሩም ሊያርመው አይችልም። ከሥር 43፣ 41፣ 44 እና 39 ከ91 ይከተሉ። የበረኛውን ሕግ በራሱ ሰውነት ያሳያቸው፤ መጀመሪያ ቆሞ፣ ቀጥሎ በጉልበቱ ወርዶ። ክፍሉ በአንድ ደቂቃ ይገባዋል።

ሥዕል ካስፈለገው ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1945ን ይምረጥ። ሞንትሪያል ፎረም ውስጥ ሞሪስ ሪሻር 45ኛ ጎሉን አገባና የማሎንን 44 አለፈ። ሪሻር በዚያ ዓመት በ50 ጨዋታ 50 ደርሷል። ሪከርዱ ከ27 ዓመት በኋላ ሲሰበር ማሎን አዳራሹ ውስጥ ነበር። 55ኛ ልደቱ ሊደርስ 3 ቀን ቀርቶታል። ወርዶ ፓኩን በእጁ ለሪሻር ሰጠው።

ሠንጠረዡ ላይ የ1918–19ን መስመርም አይዝለለው። 8 ጨዋታ፣ 7 ጎል ብሎ ይጻፍና አጠገቡ «ሥራ ላይ ነበር» ይበል።